«ግባ» ያለኝ ማነው?

ቆዩ እስቲ፣ ወሬውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ቸግሮኛል። ምን ብዬ ልጥራችሁ? አንተ ልበል፣ አንቺ ልበል ወይስ እርስዎ? «እርስዎ» ብል አንዷ ወጣት አንባቢ «አስረጀኝ» ብላ ታኮርፋለች። «አንተ» ብል አንድ የተከበሩ ሽማግሌ መጽሐፉን አጥፈው ያስቀምጡታል። ስለዚህ «እናንተ» እላችኋለሁ። ከተቀየማችሁም በጅምላ ትቀየማላችሁ እንጂ ለብቻው የሚያኮርፈኝ አይኖርም።

ይህን ያህል ፈሪ ያደረገኝ ኮምፒውተር ነው። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔ መሳቁም ደክሞኛል።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ሰቆጣ በገባ ሰሞን ነው። ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በኢንተርኔት ቋንቋ የሚያስተምር የአንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የሰቆጣ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነበርኩ። ቅርንጫፍ ስላችሁ ፎቅ እንዳይመስላችሁ። ከጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ አግዳሚና አንድ የስልክ መስመር አላት። አዲስ አበባ ያለችው የአረብኛ መምህርት ድምጿን ቀድታ ትሰቅላለች፣ እኛ እናወርዳለን። ሲነገር ቀላል ነው። አንዷን ትምህርት ማውረድ ጀምሬ፣ ገበያ ወጥቼ፣ በርበሬ ገዝቼ፣ በዋጋ ተጨቃጭቄ ስመለስ ገና ግማሽ ላይ ትሆናለች። እኛ አገር ከላይ የሚወርድ ነገር ሁሉ ይዘገያል፤ ዝናቡስ መቼ በሰዓቱ ወርዶ ያውቃል?

እንግዲህ ተማሪው ወደ ትምህርቱ የሚገባበት የራሱ ገጽ አለው። ፖርታል ይሉታል። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፣ ይገባል፣ ይማራል፣ ይወጣል። ገጹ የተሠራው ውጭ አገር ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ነው፤ ለምሳ ቸኩሎ ነበር መሰለኝ። የመግቢያው ቁልፍ ላይ «ግባ» ብሎ ጻፈ። መውጫው ላይ «ውጣ» አለ። ተማሪው ሲሳሳት ደግሞ በቀይ «ስህተት! ድገም» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው አማርኛው።

ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከጋዝጊብላና ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሊሄዱ የተነሡ። «ግባ» ቢላቸው፣ ወንድ አድርጎ ቢጠራቸው፣ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በሚሄዱበት አገር ከሚጠብቃቸው አጠራር አንጻር ይሄማ ምርቃት ነው። እኔም ዝም አልኩ። ሰው ካልተናገረ ምን አደከመኝ?

ዝምታው የቆየው አያ ፈንታው እስኪመጡ ነው።

አያ ፈንታው ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ አንቱ የተባሉ ሽማግሌ። ልጃቸው አበባ ከብዙ ዓመት በፊት ለሥራ ቤሩት ሄዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ወልዳ ቀርታለች። ልጇ ሊና ትባላለች። አያ ፈንታው የልጅ ልጃቸውን አይተዋት አያውቁም። አበባ በስልክ ልታገናኛቸው ስትሞክር ሊና ስልኩን ትይዛለች፤ የማታውቀው ሽማግሌ በማታውቀው ቋንቋ ሲጮኽባት ጥላው ትሮጣለች። ልጅቱ አማርኛ አትሰማ፣ የአገሬውን ኽምጣንጋ አትሰማ፣ የምታውቀው አረብኛ ብቻ ነው። አበባ ተስፋ ሳትቆርጥ «ለፋሲካ ደግመን እንሞክራለን፣ አባ» አለቻቸው።

ሽማግሌው በዐቢይ ጾም መግቢያ ዱላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«መምህር» አሉኝ፣ «የልጅ ልጄ እንዳትሸሸኝ የሚያደርግ ቃል አስተምረኝ።»

ሌላ ምንም አልጠየቁም። እንዲህ ያለ ልመና እንዴት እምቢ ይባላል? መዘገብኳቸውና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አያ ፈንታው አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ነው። አማርኛን ያስተማሯቸው ቄስ ትምህርት ቤትና ጥፊ ናቸው። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ዳኛ ፊት ቀርበው ዳኛውን በየዋህነት «አንተ» አሏቸው። ከዚያ የሆነውን ሲያወሩ ዛሬም ጉንጫቸውን ያሻሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንተንና አንቱን የሚለዩት ጤፍ ከአሸዋ እንደሚለይ ሰው ተጠንቅቀው ነው። እናቴም አፏን የፈታችው በኽምጣንጋ ነው። እሷ ግን ጥፊው ስላልደረሰባት የወረዳውን አስተዳዳሪ «አንተ»፣ ዶሮዋን «አንቱ» እያለች በሰላም ኖራለች። አስተዳዳሪውም ዶሮዋም ተቀይመው አያውቁም።

አያ ፈንታው ግን አነበቡት። «ግባ።» ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ግባ ያለኝ ማነው?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ አያ።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አምና ነው የተገዛው።»

«የአምና ልጅ!» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

ስለ ሊና ሲሉ ዋጥ አደረጉት። ቀጥሎ «የይለፍ ቃል» የሚል መጣ። ይሄን እንኳ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ በጦርነቱ ዘመን በየኬላው ሲጠየቁት ኖረዋል። ግራ ቀኛቸውን ቃኙ። ልጃገረዶቹን «ጆሯችሁን ያዙ» አሏቸው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው ቃሉን በሹክሹክታ ነገሩት። ኮምፒውተሩ ዝም አለ። ትንሽ ከፍ አድርገው ነገሩት። አሁንም ዝም አለ። ትርንጎ የምትባል የጋዝጊብላ ልጅ አዝናላቸው ጣታቸውን ቁልፉ ላይ መራችላቸው፤ ተጫነ። ወዲያው በቀይ «ስህተት! ድገም» አለ፤ ያውም በልጃገረዶች ፊት። የሚስቅ እንኳ ጠፋ።

እንደምንም እኔ ጻፍኩላቸውና ገቡ። ትምህርቱን ሰሙ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙ። ደህና እየሄደ ነበር። ሲያልቅ ገጹ ምን አላቸው? «ውጣ።»

ወጡ። ምን ያድርጉ? «ግባ ብሎ አስገባኝ፤ ስህተት ብሎ አዋረደኝ፤ አሁን ደግሞ ውጣ አለኝ» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። እግራቸው ወጣ እንጂ ቁልፉን ግን አልነኩትም፤ ገጻቸው ክፍት ቀረ። ትርንጎ ሳታውቅ እዚያው ተቀምጣ በሳቸው ስም ፈተናውን ሠራች። ከአዲስ አበባ መልእክት መጣ፦ «ፈንታው የተባለው ተማሪ እጅግ ጎበዝ ነው። ለቤት ሠራተኝነት ዝግጁ ነው።» ዝግጁ የተባሉት ተማሪ ቤታቸው ተቀይመው ተቀምጠዋል። ጾሙ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፣ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ይቺን ቃል ብቻ ቀይሩልኝ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ በደስታ «እኛም የተማሪውን ገጽ እንደ አዲስ ልንሠራው ነበር!» አለኝ። ደስታው አስፈራኝ። መፍራቴ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ በየከሰዓቱ ስልክ ሆነ። ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ? የትምህርት ቤቱ ምልክት ጥግ ይሁን መሃል? ፈገግ ያለች ልጅ ፎቶ እናስገባ? ፈገግታዋ ጥርስ ያሳይ አያሳይ? እኔ በሩን አስተካክሉልኝ ስል እነሱ ግድግዳውን ሲቀቡ ሰነበቱ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ አይደለም? ከስንት ልመና በኋላ «ግባ» «ይግቡ» ሆነ፤ «ውጣ»ም «ይውጡ» ሆነ። አክብሮ ማባረር በሉት።

በማግስቱ ስመጣ ልጃገረዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሮቹ በርተዋል፤ የነካቸው ግን የለም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩ።

«ትልቅ ሰው እስኪመጣ ነው» አለች ትርንጎ።

«የምን ትልቅ ሰው?»

«‹ይግቡ› ይላል እኮ፣ መምህር። ትልቅ ሰው ተጠርቶ እኛ እንቅደም?»

ይህን ስነግረው ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ‹ግቡ› እንበለው፣ ሁሉንም ያቅፋል» አለ። አቀፈ! ልጃገረዶቹ ሦስት ሦስት ሆነው ባንድ ወንበር ላይ ተጣበው፣ ባንድ ስም ገቡ። ምን አጠፉ? ግቡ ማለት ተሰብስባችሁ ግቡ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ከድጡ ወደ ማጡ ሄድን። በመጨረሻ ሦስት ቁልፍ ተሠራ፦ «ግባ»፣ «ግቢ»፣ «ይግቡ»። ሁሉም የሚስማማውን ይጫን ተባለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ብልህነት መስሎኝ ነበር። «ነገሩ ተስተካክሏል፣ ይምጡ» ብዬ አያ ፈንታው ዘንድ ሰው ላክኩ። ልጃገረዶቹ «ግቢ» የምትለዋን ጨርሶ አልነኳትም። ስጠይቃቸው የትምህርት ቤቱ ግቢ የሚታይባት መስሏቸው ነው። አያ ፈንታው መጡና ሦስቱንም አነበቡ።

«የኔ የትኛው ነው?»

«‹ይግቡ› የሚለው ነዋ፣ አያ!»

«ማን ነው የሚጫነው?»

«እርስዎ።»

«እኔው ራሴን አንቱ ልበል?» አሉ። «ሰው ቢያከብረኝ እሰየው። እኔው ራሴን ካከበርሁማ ምኑን ተከበርሁት? ሰውስ ምን ይለኛል?»

ተነሡ። ይህን ጊዜ አልተቆጡም፤ «ደህና ዋል ልጄ፣ ደክመህልኛል» ብለው ሄዱ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ደብረ ዘይት አልፏል፣ ከጾሙ ግማሹ ሄዷል፣ ሽማግሌው አንዲት የአረብኛ ቃል አልያዙም። ፋሲካ ሲደርስ ሊና እንደገና ልትሮጥ ነው። እኔን ደግሞ ከአዲስ አበባ ስለ ፎቶዋ ልጅ ጥርስ ይጠይቁኛል።

ቤታቸው ሄድኩ። ሐሳብ ኖሮኝ አይደለም፣ ያለኝ ድካም ብቻ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ ያውም ስለ ኮምፒውተር! አጥራቸው ጋ ቆሜ እንደ ማንኛውም ሰው «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ።

ከውስጥ «ማነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«እኔ ነኝ፣ መምህሩ።»

«ግባ ልጄ፣ ግባ!»

አልገባሁም። አንድ እግሬ ውጭ፣ አንድ እግሬ ውስጥ እንደሆነ ደርቄ ቀረሁ። እስቲ እናንተም አስቡት። ሰው ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የሚናገረው ማነው? በሩ ነው? በር ሲናገር የት ታይቷል? የሚጣራው እንግዳው ነው። ባለቤቱ «ማነው?» ይላል። እንግዳው ስሙን ይናገራል። ባለቤቱ ማን እንደመጣ ሲያውቅ ነው ለታላቁ «ይግቡ»፣ ለታናሹ «ግባ» የሚለው። የኛ ገጽ ግን ማን እንደመጣ ሳይጠይቅ ደጅ ላይ ቆሞ ያዛል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? እኛ ይሄን ሁሉ ቀን የቤቱን ቃል ስናስተካክል ከረምን፤ ቁልፉ ላይ መጻፍ የነበረበት የእንግዳው ቃል ነው። «ቤቶች!» ይበል። ገጹ «ማነው?» ብሎ ይመልስ። ስሙን ሲሰማ፣ ለአያ ፈንታው «ይግቡ»፣ ለትርንጎ «ግቢ» ይበል። ሲወጡስ? ከሰው ቤት የሚወጣ ሰው ምን ይላል? «ደህና ዋሉ» ነዋ!

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ «‹ቤቶች›? የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል እኮ!» አለ። አስረዳሁት። «ዘመናዊ አይደለም» አለ። መከራከሩን ተውኩና ስለ ሊና ነገርኩት። ስልክ ጥላ የምትሮጥ ልጅ እንዳለች፣ ፋሲካም እንደደረሰ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሙከራ፣ ለሰቆጣ ብቻ» አለኝ። ለካ እሱም ገጠር አያት አሉት።

አያ ፈንታው ተለምነው መጡ። ቁልፉን አዩት። ጮክ ብለው «ቤቶች!» አሉና ተጫኑት። ገጹ «ማነው?» አለ።

«አሁን ሰው ሆነ!» አሉ፣ ወንበራቸውን ጠጋ እያደረጉ። ከፍትፍቱ ፊቱ ነው ነገሩ።

ትምህርቱ ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። የተዘጋጀው ለቤት ሠራተኞች ነው። ስለዚህ አያ ፈንታው፣ አገር የሚያስታርቁት ሽማግሌ፣ መጀመሪያ የያዙት ቃል «ሓድር መዳም» ሆነ፤ «እሺ እመቤቴ» ማለት ነው። ቀጥሎ «ኸላስ መዳም» መጣ፤ «ጨርሻለሁ እመቤቴ»። ልጃገረዶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። እሳቸው ግን ቃል አይንቁም፤ የመጣውን ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግማሉ። መምህርቷን ለምኜ ለሳቸው ብቻ የሚሆን አስቀዳሁ። «አነ ጂዶ።» እኔ አያትሽ ነኝ ማለት ነው። «አነ» ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

«ይሄማ ግዕዝ ነው!» አሉ። «ትግርኛውም እንዲሁ ነው። ዓረቦቹ ከኛ ሰምተው ነው።»

ከዚያ በኋላ ከብት ሲያሰማሩ «አነ ጂዶ»፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «አነ ጂዶ» ሆነ። በሬያቸው እንኳ ሳይገባው አይቀርም።

ፋሲካ ደረሰ። ጠሩኝና ሄድኩ። ስልኩ የሚሠራው ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ ዶሮው ቀርቦ ሳለ ሁላችንም ትተነው ወጣን። ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ አደረግኩት። አበባ «አባ፣ እንኳን አደረሳችሁ፤ ሊና ይቻትና» አለች።

ከዚያ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ የሕፃን ትንፋሽ።

አያ ፈንታው አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ጠፋቸው። ያን ሁሉ ጾም የደገሙት ቃል ድራሹ ጠፋ! እኔ በከንፈሬ «አነ፣ አነ» እላለሁ፤ አያዩኝም። ግንባራቸውን አላበው። ሊና ልትሮጥ ነው፤ ትንፋሿ እየራቀ ሲሄድ ተሰማን። ያኔ ከአፋቸው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው?

«ሓድር መዳም!»

ከዚያ ሊና ሳቀች፤ ከት ብላ ሳቀች። ከማታውቀው ሽማግሌ አፍ ይሄን መስማት ለሷ ትልቅ ጨዋታ ነው። አበባ ግን አልሳቀችም። ከኋላ ስታለቅስ ይሰማን ነበር። ቤሩት የገባች ጊዜ መጀመሪያ የተማረችው ቃል እሱ ነው። ስንት ዘመን ለሰው ስትለው የኖረችውን ቃል፣ አሁን አባቷ ለልጇ አሉት። ፊቴን ወደ ተራራው አዞርኩ።

ሊና አልሮጠችም። ሳቋን ጨርሳ «ሚን ኢንተ?» አለች።

አያ ፈንታው ወደ እኔ ዞሩ። «‹አንተ ማነህ› ነው ያለችኝ?»

«አዎ፣ አያ» አልኩ እየፈራሁ። የዳኛው ጥፊ ትዝ አለኝ። «አረብኛው አንቱ የለውም፣ ሕፃንም ናት…»

መቼ ሰሙኝ! ፊታቸው ጠዋት እንደተከፈተ መስኮት በርቷል። «አንተ አለችኝ!» አሉ። «ሰማችሁ? አንተ አለችኝ!» ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «አነ ጂዶ! አነ ጂዶ ፈንታው!» እያሉ ጮኹ። ከወዲያ «ጂዶ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ደግሞ «ጂዶ» አለች። መስመሩ እስኪቋረጥ በነዚህ ሁለት ቃላት ብቻ ሲያወሩ ቆዩ፤ እኛም ዶሮው እየቀዘቀዘ ቆመን ሰማን።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። አያ ፈንታውን አንተ የሚላቸው ማን ቀርቷል? እናት አባታቸው ሞተዋል። እኩዮቻቸው ሞተው አልቀዋል። ባለቤታቸው እንኳ አንቱ ነው የሚሏቸው። አንቱታ ለካ እንደ ጉብታ ነው፤ ትከበሩበታላችሁ እንጂ ይበርዳል።

በዓሉ እንዳለፈ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «‹ቤቶች!› ተወዷል! በሁሉም ቅርንጫፍ እናደርገዋለን። ‹ይግቡ› የሚለውን ደግሞ በወርቅማ ቀለም!» አለ። በዚያው ቀን አያ ፈንታው ትምህርታቸውን ሊቀጥሉ መጡ። ገጹ «ማነው?» አላቸው፤ ስማቸውን ሰጡ። «ይግቡ» አላቸው።

ቅር አላቸው። «መምህር» አሉኝ፣ «ይሄ ዕቃ እስከ መቼ ነው አንቱ የሚለኝ? ከልጅ ልጄ ያገናኘኝ እሱ አይደል? ዛሬም እንግዳው ነኝ? ያችን የዱሮዋን ‹ግባ› መልስልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ጋ መልሼ ደወልኩ። ለሳቸው ብቻ ከ«ቤቶች!» እስከ «ደህና ዋሉ» ሁሉንም አስነሥቼ የጎረምሳውን አማርኛ አስመለስኩላቸው። «ግባ» አላቸው፤ እየሳቁ ገቡ። ሲጨርሱ «ውጣ» አላቸው። «እሺ ልጄ፣ ወጣሁ» ብለው ኮምፒውተሩን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ቁልፉን እንደ ልማዳቸው አልተጫኑትም።

ልጃገረዶቹም ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። ስልኩ እንደገና ይጮኻል፤ ወርቅማው ቀለም ምን ያህል ወርቅማ ይሁን ሊሉኝ ነው። አላነሣሁትም። ከአያ ፈንታው ገጽ ላይ አንዲት ቃል ታፈጥብኛለች፦ «ውጣ»። አንድ ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ ደክሞኛልም፤ ያን ጾም ሙሉ ከተጻፈው ከተሰረዘው ሁሉ፣ ለእኔ ልክ የሆነች ቃል እሷ ብቻ ነበረች።

«ሓድር መዳም» አልኩና ወጣሁ።